ባለቤት የሌላቸው ብረቶች

ነይ ስታማቲያ፣ ወንበሩን ወደ ጥላው ሳብ አድርጊውና አረፍ በይ። ጎመን ስቀነጥስ ደረስሽብኝ... የዘንድሮ የዱር ጎመን ደግሞ አፈሩ አይለቅም እንጂ ጣዕሙ ልዩ ነው። ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? ሐኪሙ ያዘዘልሽ ቅባት ረዳሽ? እኔስ ደህና ነኝ፣ ተመስገን ነው። ድምፄን ከፍ ያደረግኩት ያቺ ግራ ጆሮሽ ስለምታስቸግርሽ ነው እንጂ ለሌላ እንዳይመስልሽ። የማድቤቱ መስኮት ክፍት ነው ብለሽም አትሳቀቂ። የእኛ ቤት ምን ሚስጥር አለው?

ሰምተሻል አይደል፣ ቤታችን ሊታደስ ነው። እሰይ በይኝ እንጂ። ወንድሜን ያገባችው እመቤት... ስሟን ምን አስጠራኝ፣ እንዲህ ያለ ሰው በስሙ አይጠራም... ሦስት ወር ሙሉ ስታስብበት ከርማለች። መሐንዲስ ከቮሎስ ከተማ ድረስ አስመጣች። እሑድ ዕለት የዓሣው ሳህን ሳይነሳ ንድፉ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ። እኔ እንኳ ያየሁት አጥንቱን ላነሳ ብድግ ስል ነው።

አቤት ንድፍ! የመንደሩ ሰው ሁሉ ጣራው ጠፍጣፋ ነው፤ የኛ ግን በቀይ ሸክላ ተከድኖ ሾጠጥ ሊል ነው። ለመኪናው ማረፊያ አለው፣ ለውሻውም አለው፣ ለወይን ጠርሙሱ እንኳ ቀዝቀዝ ያለ ክፍል ተሰጥቶታል። እኔ መኝታዬን ብፈልግ፣ በጣቴ እየተከተልኩ ብፈልግ አጣሁት... ዓይኔ ደክሞ ነው እንጂ መች ጠፋ! ወደ ጣራው ከሚያወጣው ደረጃ ሥር፣ ከውሃ ማሞቂያው አጠገብ አሳየችኝ። ‘ዕቃ ቤት’ የሚል ተጽፎበታል። ለጊዜው ነው አለችኝ፣ ደግሞም ይሞቅሻል አለችኝ። ብርድ እንደማልወድ የእናቴ ልጅ እንኳ ሳያየው ለእሷ ታያት። እንዲህ ያለ አሳቢ ከየት ይገኛል?

ያስቸገሯት ብረቶቹ ናቸው። ታውቂያቸው የለ? አባቴ ትራሲቩሎስ፣ ነፍሱን ይማረው፣ ይህን ቤት ሲያሠራ ሴት ልጅ እንዳለው አባት ሁሉ የምሰሶዎቹን ብረት ጣራውን አሳልፎ ወደ ሰማይ ተወው። ውል አዋዋይ ፊትም ቀርቦ ምድሩን ለወንድሜ፣ አየሩን ለእኔ አጻፈ። ከዚህ ጣራ በላይ የሚሠራ ሁሉ የእኔ ነው ማለት ነው። ‘ስታገቢ ፎቅሽን እንሠራለን’ አለኝ። ባሉም ቀረ፣ ፎቁም ቀረ፣ ብረቱ ግን ቆሟል። ሠላሳ አንድ ዓመት በየመከሩ እየወጣሁ የዝገት መከላከያ ቀለም ቀብቼዋለሁ፤ ዝናብ እንዳይገባው ጫፉ ላይ ባዶ የውሃ ጠርሙስ ደፍቼበታለሁ። ሰው ይስቅብኛል። ይሳቅ። ሌላዋ ልጇን ታጥባለች፣ እኔ ብረቴን እቀባለሁ።

እሷ ደግሞ ንጽሕና ወዳድ ናት፣ ዝገት ስታይ ያማታል። አሥራ ሁለት ዓመት አብሬያት ስኖር አንድ ቀን እጇ ቆሽሾ አይቼ አላውቅም... ሙያ ነው ይሄም።

መሐንዲሱ ጨዋ ልጅ ነው። ብረቶቹ የማን እንደሆኑ ጠየቀ፣ ሳላውቅ አልቆርጥም አለ። እኔ ሳህን ይዤ ቆሜያለሁ። እሷ ሎሚዋን እየጨመቀች፣

‘ባለቤት የላቸውም’ አለችው።

ወንድሜን አየሁት። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባል የለ? የወንድሜ አፍ ካገባ ወዲህ ዝንብ የሚባል ገብቶበት አያውቅም፣ እግዜር ይጠብቀው። አልዋሽሽም ስታማቲያ፣ ያን ቀን ከፋኝ። ሳህኑን አጥቤ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ይላሉ። እኔ እዚሁ ተወልጄ ብረት ሆንኩ፤ ትናንት የገባችው ግን ይኸው እስከዛሬ ወርቅ ናት። ዕድል ነው እንግዲህ፣ ምን ይባላል?

መሐንዲሱ ግን የቤቱን ውል አምጡ ብሎ አነበበና፣ የአየሩ ባለቤት ሳትፈርም ብረት አልነካም ብሎ ወረቀቱን ጠቅልሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ያየሁት ፍቅር... ሰኞ ዕለት የወተት ኬክ ከነሳህኑ ክፍሌ ድረስ መጣልኝ። በማግስቱ የቤት ጫማ፣ ውስጡ ጠጉር ያለው። አሁን ‘እታለም’ ነው የምትለኝ፤ አሥራ ሁለት ዓመት ‘እሷ’ ነበር ስሜ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲሉ እሰማ ነበር፤ የኛ ቤቱ እንቁላል ግን በሁለት ቀን ሮጠ። ለሐሙስ ውል አዋዋዩ ዘንድ ቀጠሮ ይዛልኛለች፣ በመኪና ልትወስደኝ። ለአንዲት ፊርማ ይህን ያህል መድከም!

እኔ ደግሞ ሰው ማድከም አልወድም። ዛሬ ጠዋት ብቻዬን በአውቶቡስ ሄጄ ፈርሜ መጣሁ... ምነው የማድቤቱ መጋረጃ ተነቃነቀ? ነፋስ ነው መሰለኝ። አዎ፣ ፈረምኩ። አየሬን በሙሉ ለፎቲኒ ሰጠኋት፣ ለወንድሜ ልጅ፣ ለትንሿ። ብረቶቹም የሷ ናቸው፤ ሃያ አምስት ዓመት እስኪሞላት ማንም እንዳይቆርጣቸው አስጽፌያለሁ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ቀለም መቀባቱን እስክትለምድ እኔ አሳያታለሁ። እናቷ እንዴት ደስ ይላት ይሆን! ልጇ ቤት አገኘች ብላ የምትከፋ እናት አለች እንዴ?

እስቲ አንቺም ከእኔ ጋር መርቂያት፣ አሜን በይ። የኔ ቆንጆ፣ እግዜር ያሳድጋት፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃት። ባል ባይመጣላት እንኳ ከአባቷ ቤት አያውጣት። ወንድሟም ለአቅመ አዳም ሲደርስ ቁርጥ እናቱን የመሰለች ሚስት ያምጣለት... እናትየዋንም ዕድሜና ጤና ሰጥቶ ከዚያች ምራቷ ጋር በአንድ ጣራ ሥር ያስረጃት።