ያነጣሁት ኅዳግ

ክቡር የካቴድራሉ አለቃ፣ ክቡራትና ክቡራን፣ ባልደረቦቼ፤

በዚህ ዝናብ ስለመጣችሁልኝ፣ ለሻዩም ለሎሚ ኬኩም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኬኩን አልነካሁትም። ባልደረባችን ሄስተር ገና ስገባ አይታ፣ «ምነው ማውድ፣ በሩ ላይ ቆመሽ ቀረሽ! ጡረታ እኮ ነው፣ ስቅላት አይደለም» አለችኝ። ሳቅሁ። ግን ፈርቼ ነበር፤ አሁንም ፈርቻለሁ።

ልማዳችንን ታውቃላችሁ። ከዚህ ቤተ መጻሕፍት ለሚሰናበት ሰው አሮጌው መጽሐፍ ከመስታወት ሣጥኑ ይወጣለታል፤ የወደደውን ገጽ ገልጦ ያነባል። ፈረንሳዊ ስለ ዓለም አፈጣጠር የገጠመው፣ ከአራት መቶ ዓመት በፊት ወደ እንግሊዝኛችን የተመለሰው መጽሐፍ ይኸው ፊቴ አለ። እናንተ ይህን ቀን ትጓጉለታላችሁ። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ስፈራው ኖርኩ። ለምን መሰላችሁ?

አምስተኛውን ቀን ገልጬዋለሁ፤ ዓሦችና ወፎች የሚፈጠሩበትን። እዩት፣ እንዴት ነጭ ነው! ጎብኚ ሁሉ ያደንቀዋል። ያነጣሁት እኔ ነኝ።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት እርጥበት ያበላሸውን ይህን ገጽ እንድጠግን ተሰጠኝ። አስተማሪዬ ሚስተር ሃባክ «የጠጋኝ ምስክሩ ንጹሕ ገጽ ነው» ይሉ ነበር። ያን ጊዜ በማንጫ ፈሳሽ መንከር የተለመደ ነበር። ኅዳጉ ላይ የደበዘዘ የእጅ ጽሑፍ ነበር። አላየሁም አልልም፤ አንብቤ በወረቀት ገልብጬዋለሁ። ጽሑፉ ቢበዛ ትንሽ ቢፈዝ ነው ብዬ ነከርኩት። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ አንድም ፊደል የለም።

ከዚያ በሦስተኛው ወር አንድ ሰው መጣ። ከጥንት አያቶቹ አንዷ የሞቱባትን ልጆች ስም እዚህ መጽሐፍ ላይ ጽፋለች ብላ እናቱ ስትነግረው ያደገ ነው። ገለጥንለት፤ ባዶ።

«ማውድ፣ ስትጠግኚው ያየሽው ነገር አለ?» አሉኝ ሚስተር ሃባክ።

«የለም» አልኩ።

ሰውዬው ኮፍያውን አነሳ። «እንግዲያው እናቴ ዋሽታኛለች» ብሎ ወጣ።

ሄስተር፣ ያ ሰው አባትሽ ነበር።

እዚህ ከተቀጠርሽ አሥራ ሁለት ዓመትሽ ነው። «የእኛ ቤት ሰው ተረት ይወዳል» እያልሽ ስትቀልጂ አጠገብሽ ተቀምጬ ሻዬን አማስል ነበር። መጀመሪያ ለእንጀራዬ ፈራሁ፤ ቀጥሎ ለስሜ። ዛሬ የምፈራው ፊትሽን ነው፤ ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

ደፋር ናት አትበሉኝ። ሰኞ መጽሐፉ በልዩ መብራት ፎቶ ይነሳል፤ የጠፋው ቀለም ጥላው ይታይ ይሆናል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ? ሳይቀድመኝ ልቅደመው ብዬ ነው።

ልማዱ ማንበብ ነውና ላንብብ። ግጥሙን ግን አይደለም፤ ያን ጊዜ ጽሑፉን የገለበጥኩባትን ይህችን ወረቀት ነው።

«አግነስ። ቶቢ። ጁዲት። ሁለተኛው ቶቢ። ስም ሳይወጣላት የሄደችው። ወፎች በተፈጠሩበት ቀን አጠገብ ጻፍኳቸው፤ እነሱም በረዋልና።»

አያትሽ አልዋሸችም፣ ሄስተር። አባትሽም ተረት አልተነገረውም።

ወዳጆቼ፣ የእጃችሁን ሥራ ይባርክላችሁ። እጃችሁ ሲሳሳት በዚያው ቀን የሚናገር አፍ ይስጣችሁ። ልጆቻችሁ ይቅበሯችሁ እንጂ አትቅበሯቸው። ደህና ሁኑልኝ።

ወረቀቷ ያንቺ ናት፣ ሄስተር። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ትቻታለሁ፤ እኔ ከወጣሁ በኋላ ውሰጃት።