ቆመን ያልነው አሜን

ወደ ደብረ ታቦር በሚሄደው ሚኒባስ ከኋላዬ አንድ የቅኔ መምህርና አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ ተቀምጠው ነበር። ያወሩት ስለ ከተማቸው ነው።

«የኔታ፣ የገበያ ቦታችንን ለሆቴል ሰጡብን የሚሉት እውነት ነው?»

«እውነት ነው ልጄ። አሁንም የምሄደው ዞን አቤት ልል ነው።»

«እርስዎም ስብሰባው ላይ ነበሩ አሉ።»

«ነበርኩ። ማዘጋጃ ቤቱ ስለ ውሃ እንወያይ ብሎ ጠራን። ቀኑን ሙሉ ውሃ ውሃ ስንል ዋልን።»

«ታዲያ ገበያውን ምን አመጣው?»

«መጨረሻ ላይ ገበያው ለሆቴል ይሰጥ የሚል አንድ ወረቀት ጥድፍ ጥድፍ አድርገው አነበቡ። ማን ይሰማል? ሰው ዱላውን እየፈለገ ነበር።»

«እጅ አውጡ አላሏችሁም?»

«ኧረ የለም! ወዲያው ‹ምርቃት ተቀብለን እንበተን› አሉ። ሕዝቡ እንደ ወጉ ተነስቶ ቆመ፣ አሜን አለ። እነሱ ፎቶ አነሱ።»

«ከዚያስ?»

«ቃለ ጉባኤው ላይ ‹ሕዝቡ በሙሉ ቆሞ ደገፈ› ብለው ጻፉ። ፎቶውንም አያያዙበት።»

«ባለ ሆቴሉ እጁ የለበትም?»

«ከስብሰባው በፊት ሰንጋ ጥሎ ሹሞቹን ሲያበላ ሰነበተ እኮ።»

«እነሱ ይብሉ፣ እኔ ሽንኩርቴን አስፋልት ላይ ልዘርጋ! ለመሆኑ ያን ቀን የመረቀው ማን ነው?»



«እኔ ነኝ።»

ደብረ ታቦር ስንደርስ ሾፌሩ «የኔታ፣ ይመርቁን እንጂ» አላቸው። እሳቸው መርቀው ተሳፋሪው ሁሉ አሜን ሲል፣ እኔ ከንፈሬን ገጥሜ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ።