ውሃ የነበረበት ጠርሙስ

ከዳንግላ ወደ ኮሶበር በምሄድበት ሚኒባስ ውስጥ፣ ለልጃቸው ሰርግ አረቄ የያዙ ሽማግሌ አጠገባቸው የተቀመጠውን ወጣት ለዩት።

“አንተ! በቴሌቪዥን ሰካራሙን የምትጫወተው የእኛው ልጅ አይደለህ?”

“ነኝ፣ አባባ።”

“እስቲ ተንገዳገድልን!” አለ ከኋላ አንዱ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

“አሁን ትቼዋለሁ።”

“ምነው፣ አዲስ አበባ ገብተህ ኮራህብን?”

“አልኮራሁም። እዚሁ ዳንግላ በትምህርት ቤት የድራማ ክበብ ሰካራም ሆኜ ስጫወት፣ ጠርሙሴ ውስጥ የነበረው ውሃ ነው። ስሜ ሲገን እውነተኛውን ሞላሁበት። በመጨረሻ ቀረጻ ላይ እንኳ መቆም አቃተኝ።”

ሽማግሌው በጠርሙሱ ክዳን ቀዱለት።

“አንድ ጉንጭ ምን ታደርግሃለች? የሰርግ ናት። በሞቴ!”

እህቱ ከፊት ወንበር ዞረች።

“አባቴ፣ ይተዉት። ከሕክምና መውጣቱ ነው። አንዲት ከቀመሰ ወደዚያው ይመለሳል።”

“የሽማግሌ በሞቴ አይመለስም፣ ልጄ።”

ወጣቱ ክዳኑን ተቀበለ።

“ወንድሜ!” አለች።

ክዳኑን መልሶ ሲያቀብላቸው ጥቂት አረቄ ሱሪው ላይ ፈሰሰ።

“አባባ፣ እምቢ ማለት ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ከሚምሉብኝ ይልቅ ግን ይመርቁኝ።”

ሽማግሌው የተረፈችውን ወደ ጠርሙሱ መልሰው ከደኑት።

“የጀመርኸውን ያስፈጽምህ። እህትህም በአንተ አታልቅስ።”

“አሜን!” አለ መኪናው ሙሉ።

እኔም ባለቤቴን ከቀበርሁ ወዲህ ከአፌ የጠፋውን ያንን ቃል በልቤ አልሁት።