ሞተር ያለው ካሜራ

ትናንት ጠዋት ከታይዋን ገበያ ወደ ሳቢያን ሰፈር በተሳፈርኩበት ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ አንድ ጎልማሳ ጭኑ ላይ ጥቁር ብረት ታቅፎ ነበር። አጠገቡ የተቀመጠችው ሴትዮ አላስችላት አለ።

«ምንድነው እሱ? የሥጋ መፍጫ?»

«አይ እናቴ፣ የካሜራ ሞተር ነው።»

«መንጃ ፈቃድስ አወጣህለት?»

«የድሮ የፊልም ካሜራ ሥር ይገጠማል። ፊልሙን በጣት ከማጠንጠን እሱ ይስበዋል።»

«ፊልም አሁን የት ይገኛል?»

«አይገኝም።»

«አቦ፣ ታዲያ ምን ሊስብልህ ነው? ጋሪ?»

«ካሜራው የአባቴ ነው። ከታመመ ወዲህ አውራ ጣቱ አልታዘዝ አለው። ካልተጠነጠነ ደግሞ ካሜራው ቀጭ አይልም።»

«ለባዶ ካሜራ ሞተር? ማሻአላህ!»

«ባዶ መሆኑን አልነገርነውም። ጠዋት ጠዋት ሳቢያን ቤታችን በረንዳ ላይ ሆኖ አላፊ አግዳሚውን ያነሳል።»

«ከሳቢያን መስጊድ ጀርባ ያለው በረንዳ?»

«አዎ።»

«ወላሂ! ባለፈው ጁምዓ ፀሐይ ላይ ገትሮ ‹አገጭሽን ቀና አድርጊ› ያለኝ እሱ ነው! ፎቶዬን ስጠብቅ ሰነበትኩ እኮ።»

ሰውየው ሞተሩን ወደ ደረቱ አስጠጋ።

«ለነገሩ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ሞተሩን ስትገጥምለት፣ እንደገና ያንሳኝ በለው።»

እኔም ወራጅ ብዬ ከመስጊዱ ጀርባ ስወርድ፣ በበረንዳው ፊት ከማለፌ በፊት የሸሚዜን ኮሌታ አስተካከልኩ።