ከፋርማሲስቱ መኪና ሥር የነበረው ሰው

የምስክሩ ስም፦ በመታወቂያቸው ላይ እንደሰፈረው፤ በሰፈር መጠሪያቸው «ጋሽ ፍሬን»
ዕድሜ፦ 63
ሥራ፦ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር
አድራሻ፦ ከዳቦ መጋገሪያው በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ በስተግራ ያለው በር
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡30
ጉዳዩ፦ እሑድ ከሰዓት በኋላ በመኖሪያ ሕንፃ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ተፈጸመ ስለተባለው የመኪና ዕቃ ስርቆት ሙከራ

በዚህ ጉዳይ ቃል ስሰጥ ይህ ሁለተኛዬ ነው። እሑድ ዕለት እዚያው ግቢ ውስጥ ቆሜ ለመጡት ፖሊሶች የነገርኳቸው ሐሰት ስለሆነ በዚህኛው እንዲተካልኝ ጠይቄአለሁ። ሐሰተኛ ቃል መስጠት እንደሚያስጠይቅ መርማሪው አስረድቶኝ፣ ገብቶኝ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን አስመዝግቤአለሁ።

በተባለው ቀን ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ እኔ፣ ባለቤቴና ልጄ የልጄ እጮኛ ቤት ምሳ ተጋብዘን ሄድን። እጮኛዋ ፋርማሲስት ነው። ከቤታችን የወሰደን ራሱ በመኪናው ነው። ባለቤቴ የወገብ ዲስክ ስላለባት ረጅም መንገድ በመኪና እንዳትሄድ ሐኪም ከልክሏታል፤ በዚህ የተነሳ ሩቅ አገር የምትኖረውን እህቷን ካየች ብዙ ጊዜ ሆኗታል። ፋርማሲስቱ ይህን ስለሚያውቅ «እትዬ፣ እህትዎ ዘንድ እኔ እወስድዎታለሁ። የዚህ መኪና መንገጫገጩን የሚውጠው ሰስፔንሽን እንደ መንገዱ ራሱን እያጠነከረና እያለሰለሰ ነው የሚሄደው» አላት። ከማርሹ አጠገብ ያለች ቁልፍ ተጭኖም «አሁን ለሰለሰ፣ ተሰማዎት?» ብሎ ጠየቃት። ባለቤቴ «አዎ ልጄ፣ ፍራሽ ላይ የተኛሁ ነው የመሰለኝ» አለችው። ለእኔ ምንም አልተሰማኝም። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ላይ የተቀመጠ መቀመጫዬ ይሳሳታል ብዬ ደግሞ አላምንም።

እዚህ ላይ የጠረጠርኩበትን ምክንያት መናገር አለብኝ። ልጄ ከዚህ በፊት አንድ በአፉ ፎቅ የሚሠራ ሰው አጋጥሟት ነበር። የአየር መንገድ ኢንጂነር ነኝ ሲላት ከርሞ የአሻንጉሊት አውሮፕላን እንኳ ነክቶ የማያውቅ ሆኖ ተገኘ። ያኔ እኔም ወድጄው ነበር፤ ልጄ ክፍሏን ዘግታ ስታለቅስ ከበሯ ውጪ ቆሜ ሰምቻታለሁ። ስለዚህ ሁለተኛ አልሞኝም ብዬ ነበር። በመኪናው የዋሸ በሌላውም ይዋሻል የሚል ሐሳብ ጭንቅላቴ ውስጥ ገባና ምሳውን ሳላጣጥመው በላሁ።

የተጫናት ቁልፍ መኖሯ ብቻውን ምንም ማረጋገጫ አይሆንም። ቁልፉ ተገጥሞለት ዕቃው የሌለው መኪና ሞልቷል። የሚታወቀው ጎማው አጠገብ ያለውን ሾክ አብዞርበር በማየት ነው፤ ተራው ብረት ብቻ ሲሆን፣ ራሱን የሚያስተካክለው ግን የኤሌክትሪክ ሽቦ ይገባበታል። ከላይ ኮፈኑን ከፍቶም ማየት ይቻላል፤ ለዚያ ግን የመኪናውን ቁልፍ መጠየቅ ሊኖርብኝ ነው። «ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፣ ትንሽ አየር ልቀበል» ብዬ ብቻዬን ወረድኩ።

ማቆሚያው ውስጥ ሰው አልነበረም። ኮቴን አውልቄ አጥሩ ላይ ሰቀልኩ፤ በጀርባዬ ተኝቼም የስልኬን መብራት ይዤ በፊተኛው የግራ ጎማ በኩል ገባሁ። ጭንቅላቴና ደረቴ አለፉ፤ ሆዴ ግን አልተባበረም። እንደ ምንም ተሳብኩና አየሁ። ጥቁር ቀጭን ሽቦ ሾክ አብዞርበሩ ውስጥ በደንብ ተሰክቶ ነበር። ልጁ እውነቱን ነው። ያኔ ወጥቼ እጄን ታጥቤ መመለስ ነበረብኝ። ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው፣ አንድ ጎማ አይበቃም፣ የኋላውም ይታይ ብዬ ወደ ኋላ ተሳብኩ።

የሕንፃው ጥበቃ ያገኘኝ እዚያ ነው። ሁለት እግሬን ይዞ ሲጎትተኝ አንዱ ጫማዬ እጁ ላይ ቀረ። «ምንድነው የምትፈታው?» አለኝ። «እንግዳ ነኝ፣ ተወኝ» ስለው፣ «እንግዳ በበር ነው የሚገባው፣ በጎማ ሥር አይደለም» አለኝ። ባለፈው ወር ከዚሁ ግቢ የሁለት መኪና ስፖኪዮ ተነቅሎ ስለነበር ሥራውን መሥራቱ ነው። አልመታኝም፤ አልሰደበኝም። ጫማዬን መለሰልኝና የተቆረጠ ነገር ካለ ልይ ብሎ ራሱ ተንበርክኮ መኪናው ሥር አጎነበሰ። በዚህ መሃል ድምፃችንን የሰሙ ሰዎች በረንዳቸው ላይ ወጡ፤ ፋርማሲስቱም ደረጃውን እየሮጠ ወረደ።

ሲደርስ እኔ ኮቴን ለብሼ ቆሜአለሁ፤ ጥበቃው ግማሽ አካሉ መኪናው ሥር ነው። ፋርማሲስቱ «ጋሼ፣ ምን ተፈጠረ?» ሲለኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የልጁን እውነተኝነት ለመመርመር ጎማ ሥር ተኛሁ እንዴት ተብሎ ይነገራል? ሳላስበው «ይሄ ሰውዬ መኪናህን ሲፈታ ደረስኩበት» አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ጥበቃው ተነስቶ «እኔ? እሳቸው ናቸው እኮ ከሥር የነበሩት» ብሎ በጣቱ ወደ እኔ አመለከተ። ፋርማሲስቱ ፊቱን እንኳ ወደ እኔ ሳያዞር «አፍህን ሰብስብ፤ ጋሼ አይዋሹም» አለው። ከበረንዳቸው ከወረዱት ነዋሪዎች አንዱ ጥበቃውን በጥፊ መታው፤ ስለ ስፖኪዮዎቹም አብሮ ይጠየቅ ተባለ። ፖሊስ ሲመጣም ያንኑ ደገምኩላቸው፤ ሁለተኛ ስናገረው እንደ መጀመሪያው አልከበደኝም። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው።

ሰኞ ጠዋት ባለቤቴ ልብስ ልታጥብ ሸሚዜን አነሳች። ጀርባው ከአንገት እስከ ወገብ ግራሶና አፈር ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ ተኝተህ ነው እንዴ ሌባ የያዝከው?» አለችኝ። ስትቀልድ ነበር። ፊቴን ስታየው ቀልዱን ተወችው። ሁሉንም ነገርኳት። ሸሚዙን እንደያዘች ወንበር ላይ ተቀመጠችና «ሰውየው አሁን የት ነው?» አለች። ጣቢያ ነው አልኳት። «ታዲያ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለችኝ። ያን ቀን ሙሉ ነገ እሄዳለሁ፣ ማታ እሄዳለሁ እያልኩ ቤት ዋልኩ። ማምሻውን ልጄ እጮኛዋ ጋ ሆና ደውላ የሕንፃው ኮሚቴ ጥበቃውን ከሥራ አስወጥቶ ሌላ መቅጠሩን ነገረችን፤ የሦስት ልጆች አባት እንደሆነ የሰማሁትም ከእሷ ነው። ባለቤቴ ሸሚዙን ሳታጥብ ወንበሩ ላይ ትታው ተኛች።

ዛሬ ጠዋት እዚህ ጣቢያ ስደርስ ፋርማሲስቱና ልጄ በሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ልጄ «አባዬ፣ አንተ ለምን ደከምክ? እሱ እኮ ላንተ ብሎ መጥቷል» አለችኝ። መርማሪው እንደነገረኝ፣ ፋርማሲስቱ በእኔ ፋንታ ቃል ልስጥ ብሎ ነው የመጣው። በዓይንህ አይተሃል ወይ ሲባል «አላየሁም፤ እሳቸው ካሉ ግን ማየት አያስፈልገኝም» ብሎ መልሷል። እኔ እሱን ለማመን አንድ ጎማ አልበቃኝም ነበር።

ጥበቃው ምንም ጥፋት የለበትም። መኪናው ሥር ያጎነበሰው እኔ አበላሽቼ እንደሆነ ለማየት ነው። የስፖኪዮዎቹን ጉዳይ አላውቅም፤ እሱን ያስጠረጠረው ግን የእኔ ቃል ብቻ ነው። ለሕንፃው ኮሚቴም ራሴ ሄጄ እናገራለሁ፤ ወደ ሥራው አንመልስም ቢሉ የማስገድድበት መንገድ የለኝም፣ ብቻ እለምናለሁ። ለሐሰቱ ቃል ሕጉ የሚለውን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።

አንድ ነገር እንዲፈቀድልኝ ጠይቄአለሁ። ውሸቱን የተናገርኩት በረንዳ ሙሉ ሰው እየሰማ ስለሆነ፣ እውነቱ ወረቀት ላይ ተጽፎ ብቻ እንዳይቀር፣ ይህ ቃል ጥበቃው ባለበትና በሩ ተከፍቶ ጮክ ተብሎ ይነበብልኝ። በቃሌ ውስጥ ያስቀረሁትም የጨመርኩትም የለም፤ እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሩ ፊርማ ____________

የመርማሪው ማስታወሻ፦ በጥያቄያቸው መሠረት በሩ ተከፍቶ፣ ጥበቃው ከማረፊያ ክፍል ቀርቦ፣ ቃሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነቧል። ምስክሩ ሲነበብ ቆመው አዳምጠዋል፤ ወንበር ቢቀርብላቸውም አልተቀመጡም። ጥበቃው የሚጨምረው እንዳለ ተጠይቆ «ትክክል ነው፤ እንደዚህ ነው የነበረው» ብሎ ፈርሟል፤ ዕቃውን ተረክቦም ወጥቷል። ሲነበብ በሩ ላይ ሆኖ የሰማው የመኪናው ባለቤትም አቤቱታውን ማንሳቱን በጽሑፍ ገልጿል። ከፈረመ በኋላ ለምስክሩ «ቁልፉን ቢጠይቁኝ ኮፈኑን እከፍትልዎ ነበር» ብሏቸዋል።

የጥበቃው ፊርማ ____________
የመኪናው ባለቤት ፊርማ ____________
የመርማሪው ፊርማ ____________