የማትረገጥ ቤት

ዶን አፖሊናር ሁዋልፓን ያገኘኋቸው ናዳ በዘጋው መንገድ ላይ ነው። ወደ ኩስኮ ከተማ የምትወርደው ሚኒባስ ቆማ፣ ሾፌሩ «መንገድ ጠራጊዎቹ እስኪመጡ ውረዱና ተናፈሱ» ብሎን፣ እኔም የምቀመጥበት ድንጋይ ስፈልግ ከኋላ ወንበር ሲወርዱ አየኋቸው። በጀርባቸው በባለ ቀለም የሱፍ ጨርቅ የታሰረ ጓዝ አዝለዋል። በእጃቸው ደግሞ ሰሞኑን ከክፍሌ የጠፋችውን የልጅ ልጃቸውን ኢልያሪን ይዘዋል። ልጅቷ የአራት ዓመት ሕፃን ናት። ስታየኝ ወደ እኔ ልትሮጥ አለችና ወደ አያቷ ቀና ብላ አይታ ተወችው።

የዚያን ቀን ክርክር የሚባል ነገር አላማረኝም። ጥርሴ ሲጠዘጥዘኝ አድሮ ላስነቅለው መውረዴ ነበር። ደግሞም እኔ የመንደሩ መዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ከሆንኩ ጀምሮ ከአንዱ ወላጅ ጋር የጨረስኩትን ጭቅጭቅ ከሌላው ጋር እንደገና ስጀምረው ነው የኖርኩት። ሰው ሁሉ ልጁ ተቀምጦ እንዲጽፍለት ይፈልጋል። እኔ ደግሞ ልጁን ጭቃ አስይዤ እልከዋለሁ።

«ታይታይ፣ እንዴት ዋሉ?» አልኳቸው። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ሁሉ ታይታይ ነው፤ አባቴ እንደማለት።

«ይመስገን፣ ፕሮፌ» አሉኝ፤ አስተማሪን የሚጠሩት እንዲህ ነው። «ጉንጭሽን ምን ነካው?»

«ጥርሴ ነው።»

ከኮሮጇቸው የኮካ ቅጠል ዘግነው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። «በዚያ በኩል ያዢው፣ ያደነዝዘዋል።»

አመስግኜ ተቀበልኩ። «ኢልያሪ አሟት ይሆን ብዬ ሰግቼ ነበር። ወዴት ነው?»

«ኩስኮ። ትምህርት ቤት ላስገባት።»

«ትምህርት ቤት እኮ አላት።»

«ኧረ በይ ተይኝ!» አሉና ሳቁ። «ያንቺን ነው ትምህርት ቤት የምትዪው? ማታ ‹ምን ተማርሽ?› ስላት ‹ፑክልያይ› ትለኛለች። ጨዋታ! በማግስቱም ፑክልያይ። ለጨዋታማ ቤቴ ጠቦቶች ሞልተውልኛል፣ ከእነሱ ጋር ትዝለል። ጥፍሯ ጭቃ፣ ቀሚሷ ጭቃ። ለመሆኑ አስተማሪ ነሽ ወይስ ሸክላ ሠሪ?»

«ሸክላ ሠሪም ብባል አላፍርም፣ ታይታይ። ከተማ ማን ጋር ትኖራለች?»

«ክርስትና እናቷ ጋር። እናቷ የምትሠራው ሰው ቤት ስለሆነ እሑድ እሑድ ታያታለች። እዚያ ያለው ትምህርት ቤት ቁም ነገረኛ ነው። ለመግባት ስሟን መጻፍ፣ እስከ መቶ መቁጠር አለባት። እኔው ራሴ እያስጠናኋት ነው።»

ከቦርሳዬ እርሳስ አወጣሁና ምንም ሳልናገር ወደ ልጅቷ ዘረጋሁላት። ኢልያሪ ሁለቱንም እጆቿን ብብቷ ውስጥ ሸጎጠች። ክፍሌ ውስጥ እንዲህ አድርጋ አታውቅም።

«ይህን ከየት አመጣችው?»

ሽማግሌው ወደ ናዳው ፊታቸውን አዞሩ። «እጇን ይዤ አጻፍኳት። ትንሽ አለቀሰች። ስትለምደው ይተዋታል።»

«ጣቷ ገና አልጠናም እኮ፣ ታይታይ። ጭቃ ስትጠፈጥፍ፣ ገመድ ስትቋጥር የሚጠነክረው ጣት ነው ነገ እርሳስ የሚይዘው። ገበያ ስንጫወት ድንች ትቆጥራለች፣ ተራ ትጠብቃለች፣ ‹ውድ ነው፣ ቀንስልኝ› ብላ ትከራከራለች። ይህ ሁሉ ትምህርት ነው። ለዕድሜዋ የሚሆነውም ይኸው ነው። ፊደሉ ሲደርስ ይመጣል።»

«ወሬ!» አሉኝ። ቆይተው ግን ቀስ ብለው ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ። «ይህን አውራ ጣት ታዪዋለሽ? የመሬቴን ወረቀት ስፈርም ቀለም ውስጥ ነከሩት። ጸሐፊው ጣቴን ይዞ ወረቀቱ ላይ ካተመ በኋላ የራሱን እጅ በመሐረብ ጠረገ፤ ከዚያ ጓደኛውን አይቶ ሳቀ። መሬቱ የእኔ፣ ሳቁ በእኔ። እሷን ማንም እንዲህ አይስቅባትም፣ ፕሮፌ። ብታለቅስም ታልቅስ።»

የምሟገተው ከስንፍና ወይም ከድንቁርና ጋር ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ፍቅር እንዲህ ሲሳሳት ግን መሟገት ይከብዳል። የኮካውን ቅጠል ወደሚያመኝ ጥርስ ገፋ አደረግኩት። ዕድሜዬን በሙሉ የደጋገምኳቸው ቃላት ለራሴም ሰለቹኝ።

በዚህ መሐል ኢልያሪ ከናዳው ጠርዝ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ለቃቅማ መንገዱ ዳር ቁጢጥ ብላለች። ግድግዳ አቁማ፣ በር ትታ፣ ግቢ አጥራ ቤት ሠራች። ትልቁ ድንጋይ አልቆም ሲላት ትንሽ ድንጋይ ሥሩ ወትፋ አቆመችው። ሾፌሩ «እየጠረጉ ነው! ተዘጋጁ!» ብሎ ሲጮህ ዶን አፖሊናር ጓዛቸውን ሊያነሡ ፈጠን ብለው ሄዱ። ቤቲቱ መንገዳቸው ላይ ነበረች። ከነቸኮሉ ቆም አሉ፣ የሹራብ ቆባቸውን ነካ አድርገው በግቢዋ ዙሪያ ዞረው አለፉ።

እኔም ያን ጊዜ ነቃሁ።

«ታይታይ፣ ለምን ዞሩ?»

«ቤት ይረገጣል እንዴ?»

«የልጅ ጨዋታ እኮ ነው።»

ግራ ገብቷቸው አዩኝ። እኔ ቀጠልኩ። «ዘንድሮ ለበረዶው ጌታ በዓል ተራራው ላይ ወጥተው ነበር?» አገሩ ሁሉ በየዓመቱ ለጸሎት የሚወጣበት በዓል ነው።

«ቀርቼ አላውቅም።»

«እዚያ ምን ሠሩ?»

«ሰው ሁሉ የሚሠራውን ነዋ። በድንጋይ ቤት ሠራሁ፣ ጣሪያውን በቆርቆሮ ቁራጭ ከደንኩ። በጠጠር በረት አጠርኩ። ባልንጀራዬ ሱፉ የሚሸለት አልፓካ ሸጠልኝ፤ አልፓካውም ጠጠር፣ ገንዘቡም ወረቀት ነው።»

«ሳቃችሁ?»

«ማን ይስቃል!» ተቆጡ። «ልመና ነው። የምትመኚውን ቤት መጀመሪያ በእጅሽ ትሠሪዋለሽ። ሠርተሽ ካላየሽው ምኑን ትለምኛለሽ?»

«ያ ቦታ ስሙ ማን ነው፣ ታይታይ?»

ወደ ኢልያሪ የድንጋይ ቤት ዞረው አዩ። ስሙን አሳምረው ያውቁታል። ፑክልያይ ፓምፓ ነው፤ የጨዋታ ሜዳ። ሸምግለውም በየዓመቱ በረዶው ሥር በጉልበታቸው ተንበርክከው የሚጫወቱበት ሜዳ።

ሚኒባሷ ሞተር አስነሣች። ሽማግሌው ጓዛቸውን ትተው ከልጅቷ አጠገብ ቁጢጥ አሉ።

«ይህች ምንድን ናት?»

«ትምህርት ቤት።»

«እነዚህስ?»

«ልጆች።»

«ይሄ ትልቁስ?»

«አንተ ነህ፣ አባባ። መጻፍ ስለማታውቅ አስገባሁህ።»

በሌላ ጊዜ ብሰማው እስቅ ነበር። ሽማግሌው አልሳቁም። «ይመቱኛል?» ብለው በቀስታ ጠየቁ።

«አይመቱህም። መጀመሪያ ትጫወታለህ።»

ዶን አፖሊናር ዓይናቸውን በቆባቸው ጠረጉ። ጥሩምባ ሲነፋ ጓዙን አነሡና ወደ ሚኒባሷ ሳይሆን ወደ ላይ፣ ወደ መንደሩ ለመመለስ ከቆመ አንድ የጭነት መኪና አጠገብ አኖሩት። «ፕሮፌ፣ ጥርስሽን ተነቅለሽ ስትመለሺ ታገኚናለሽ» አሉኝ። «ግን ዕድሜዋ ሲደርስ ፊደሉን ካላስያዝሻት ወዮልሽ!»

«ካላስያዝኳት ሸክላ ሠሪ ይበሉኝ።»

የቀረውን ለወላጆች በስብሰባ እየደጋገምኩ የምናገረው ነው፤ እዚህም ልናገረው። ኢልያሪ እርሳስ ስታይ እጇን መሸጎጥ ተወች። ገበያ ስንጫወት ሻጭ ሆና ድንቹን አንድ በአንድ እየቆጠረች ታስረክባለች፤ ከተጣላችው ልጅ ጋር ራሷ ሄዳ ትታረቃለች። ማታ ምን እንደተማረች ስትጠየቅ ከእራት እስከ እንቅልፍ የማያልቅ ታሪክ ታወራለች። ስሟንም ጊዜው ሲደርስ ማንም እጇን ሳይዝ ጻፈችው። ድካሜ ግን አልቀረም፤ አሁንም በየዓመቱ መጀመሪያ አንድ ሰው ደጃፌ ላይ ቆሞ «ጨዋታ ብቻ?» ይለኛል።

ያን ጊዜ የማስበው ከኩስኮ በተመለስኩ ማግስት የሆነውን ነው። ዶን አፖሊናር ኢልያሪን ሊያደርሱ መጡና አልሄዱም። በትንሿ ወንበር ላይ ጉልበታቸው አገጫቸው እስኪደርስ ተጣጥፈው ተቀመጡ። ከፊታቸው ጭቃ አኖርኩላቸው። አውራ ጣታቸውን አዩት፤ ከዚያ ወረቀት ላይ እንደሚያትም ሰው በዝግታ ጭቃው ላይ አሳረፉት።

ኢልያሪ እጃቸውን በሁለት እጆቿ ያዘች።

«በእሱ ብቻ አይደለም፣ አባባ» አለቻቸው። «በሁሉም ጣትህ ነው።»