መኪና የምታነሳዋ ሴት

ልጆቼ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ሥዕል ግን አይቼ ይገባኛል። በደርግ ጊዜ ነው፤ ከመርሳ ከተማ ስኳር ተጠቅልሎበት በመጣልኝ ወረቀት ላይ አንዲት የፈረንጅ ሴት አየሁ። በሰማይ ትበራለች፣ ባንድ እጇ የጭነት መኪና ታነሳለች! ልጄ ዘሀራ ወረቀቱን ግድግዳው ላይ በሊጥ ለጠፈችው። «እማ፣ ይቺ እኮ ማንንም አትፈራም» ትለኛለች። «አላህ ካላገዛት ምን ታደርጋለች?» እላታለሁ።

አንድ የገበያ ቀን አፈሳ መጣ። ትልቁን ልጄን ሰይድን ለጦርነት ሊወስዱት ከሌሎች ጎረምሶች ጋር መኪና ላይ ጫኑት። እኛ እናቶች ዳር ቆመን ስናለቅስ፣ ዘሀራ፣ የስምንት ዓመት ልጅ፣ ሮጣ መኪናው ፊት ቆመችና ሁለት እጇን ዘረጋች። ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ አቧራው ቦነነ።

«አንቺ፣ ዞር በይ!»

«ወንድሜን አውርድ! አለዚያ መኪናውን አነሳዋለሁ!»

ወታደሮቹ ሳቁ፤ ከኋላ የሚጠብቀው እንኳ ሊያያት ወርዶ ወደ ፊት ሄደ። ይሄኔ ከተጫኑት ሁለት ልጆች ከመኪናው ዘለው ማሽላው ውስጥ ገቡ። ሰይድ ግን አልዘለለም። መኪናው እህቱን እንዳይድጣት ፈርቶ ዓይኑን ከሷ ላይ አልነቀለም። አንዱ ወታደር አንስቶ ዳር አቆማትና ሄዱ። ሰይድም በዚያው ቀረ።

ቤት ስንገባ «እማ፣ ለምን ከበደኝ?» አለችኝ።

«አልከበደሽም። ባንቺ ሁለት እናቶች ልጆቻቸውን አገኙ» አልኳት። ወንድሟ ለምን እንዳልዘለለ ግን፣ ወላሂ፣ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።